የድንች መኪናው መብራቶች

እንጅባራ የተከራየኋት ክፍል ወደ ጫግኒ በሚወስደው መንገድ መውጫ ላይ ነበረች። ግድግዳዋ የቀርቀሃ ነው፤ በጭቃ ተመርጎ በኖራ ተቀብቷል። ፊት ለፊቷ አንድ የጭነት መኪና አፍንጫውን አስጠግቶ የሚቆምበት ደጅ አላት። ከኋላ በመጋረጃ ከልዬ አልጋዬን አስገብቻለሁ፤ ከፊት ጠረጴዛዬና ሽቦዎቼ አሉ። የምሠራው የመኪና ኤሌትሪክ ነበር።

ሙያውን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ዳንግላ እያለሁ የተበላሸ ቴፕ በመፍታት ጀመርኩ። ከዚያ የባጃጅ ሽቦ መጣ። ከዚያ ኔትወርክ ሲገኝ በስልኬ የማያቸው እጆች መጡ፤ ፊታቸው የማይታይ፣ ንግግራቸው በግማሽ የሚገባኝ፣ ሽቦ የሚልጡና የሚያጠብቁ የሰው እጆች። እነሱ ያደረጉትን እስኪሆንልኝ ድረስ እደጋግመዋለሁ። ሽቦ ጠምዝዤ በፕላስተር ጠቅልዬ አልተውም፤ በቀለጠ ቆርቆሮ በይጄ እሸፍነዋለሁ። በእኔ ቤት የተሠራ ነገር ተመልሶ እንዲመጣ አልፈልግም ነበር።

እንዲህ መሥራት ግን ሰው አያመጣም። መኪናው ሲበላሽ ባለቤቱ ይመጣል፣ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተደግፎ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ ያወራል። መኪናው ሲነሳ ይሄዳል። በደንብ ከሠራሁት ደግሞ ለዓመት አላየውም። ክረምት ላይ ጉሙ ከቀትር በኋላ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው ከደጄ የሚታየኝ የመኪና መብራት ብቻ ይሆናል። ከቁልቁለቱ ሲወጡ የትኛው የማን እንደሆነ በመብራታቸው እለያቸው ነበር። አንደኛው በግራ በኩል ዝቅ ይላል፣ ሌላኛው አንድ ዓይና ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ የሚጠይቀኝም አልነበረም።

ያኔ ዜኖን የሚሉት ነጭ መብራት አገሩን የያዘበት ጊዜ ነው። ሚኒባሱም፣ ጭነቱም፣ አቅም ያለው ባጃጅም ቢጫ አምፖሉን እያወጣ እሱን ያስገባ ነበር። ከፊት ለሚመጣው ዓይን የሚወጋ ነገር ነው፤ የገዛው ሰው ግን መንገዱ እንደ ቀን በራልኝ ይላል።

ሰውዬው የመጡት በዚህ መብራት ሰበብ ነው። ከአዘና ወዲያ ያለ ገጠር ተወላጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ የራሳቸውን መኪና ራሳቸው የሚነዱ። ከእንጅባራ ድንች ጭነው ወደ ጫግኒ ይወርዳሉ፣ ከጫግኒ በቆሎ ጭነው ይወጣሉ። ሚስታቸው አርፈዋል። አንዲት ልጃቸው ጫግኒ አግብታ ትኖራለች፤ በወረዱ ቁጥር እሷ ቤት ያድራሉ። ረዳታቸው ባጃጅ ልንዳ ብሎ ጥሏቸው ስለሄደ ጋቢናው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ።

መኪናውን ደጄ ላይ ሲያቆሙ፣ ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ጎረቤቴ መዶሻውን እንደያዘ ብድግ አለ። ቀልድ የማያልቅበት ጎልማሳ ነው።

«መጣ! ያ ጠቃሹ መኪና መጣ!» ብሎ ጮኸ። «አንተ ሰውዬ፣ መኪናህ የሚዳር ሆነ እንዴ? መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሲጠቅስ ይውላል!»

«አንተን ግን አይጠቅስህም፤ እሱም መልክ ያያል» አሉት፣ ከጋቢናው እየወረዱ።

ሁለቱ መብራቶች በእርግጥም ይርገበገቡ ነበር። ይበራሉ፣ ድንገት ይደበዝዛሉ፣ ጠፍተው እንደገና ይለኮሳሉ። በሌላ አገር ይህ ብልሽት ብቻ ይሆናል። በእኛ መንገድ ግን መብራት ማብለጭለጭ ንግግር ነው። አንዴ ቦግ ማድረግ ሰላምታ ነው። ደጋግሞ ማብለጭለጭ ደግሞ ከፊትህ ትራፊክ ቆሟል፣ ተጠንቀቅ ማለት ነው። እሳቸው ሳያውቁት ከጫግኒ እስከ እንጅባራ ትራፊክ አለ እያሉ ነበር የሚወጡት።

«ባለፈው አንድ ሚኒባስ እኔን አይቶ ትርፍ ሰዎቹን አወረዳቸው» አሉኝ። «እነሱም በዚያ ዝናብ ትራፊኩን በእግር ሊያልፉት ተራመዱ፣ ተራመዱ። የለም። ለካ ሾፌሩ ታርጋዬን ይዟል፤ በማግስቱ መናኸሪያ አግኝቶኝ ያልሰደበብኝ ዘመድ የለም።»

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን አቋርጠው ወደ መብራቱ ዞሩ።

«አንተስ? መርገብገቡ ይታይሃል?»

«ይታየኛል፣ ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ማንም ያየዋል።»

በረጅሙ ተነፈሱ። የመኪናው ብልሽት ደስ ያሰኘው ሰው እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር። ነገሩን የገለጡልኝ ካቻቢቴ ይዤ ጎንበስ ካልኩ በኋላ ነው፤ ፊቴን ሳያዩኝ መናገር የቀለላቸው ይመስለኛል።

«አባቴ በእኔ ዕድሜ ነው ዓይናቸው የጠፋው» አሉ። «ሲጀምራቸው ኩራዙ ይርገበገባል ይሉ ነበር። ክሩን አስተካክይው እንጂ ብለው እናቴን ይቆጧታል። እሷ ታስተካክላለች፣ እሳቸው ይቆጣሉ። ኩራዙ ግን ምንም አልሆነም ነበር።»

 ብሎኑን ፈታሁ።

«መንዳት ካቆምኩ አለቀልኝ» አሉ ቀጥለው። «ሌላ የማውቀው የለም። ልጄንም የማያት በዚችው መኪና ነው።»

ዜኖኑን ያስገቡት የድሮው አምፖል ብርሃኑ ስለደከመባቸው እንደሆነ ነገሩኝ። የድሮዎቹን አምፖሎች ግን አልጣሏቸውም፤ በጨርቅ ጠቅልለው ከወንበር ሥር አኑረዋቸዋል። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ አንዱን አንስቼ ከባትሪ ጋር አገናኘሁት። ደህና አድርጎ በራ። ምንም ሳልል ጠቅልዬ መለስኩት።

በመጀመሪያው ቀን ያገኘሁት ጥፋት ማሳው ላይ ነበር። ማሳ የምንለው ኤሌትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ነው። ከቀለም በላይ ነው የታሰረው፤ ቀለም ደግሞ አያስተላልፍም። ብረቱ እስኪያበራ ፍቄ አጠበቅሁት። መብራቱ ረጋ። አመስግነው ሄዱ፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከእንግዲህ አላያቸውም ብዬ ነበር።

ድንቻቸውን አራግፈው ሲመለሱ ከቁልቁለቱ የሚወጣው መብራት ገና ከሩቅ ይርገበገብ ነበር። ጎሚስታው አስቀድሞ አየው።

«ወዳጅህ መጣ!» አለኝ። «ይኸው፣ እየጠቀሰህ ነው። አንተን ደግሞ ሰው ካልጠቀሰህ መኪና ይጥቀስህ!»

ሥራዬ ተመልሶ መምጣቱ አናደደኝ። እሳቸው መመለሳቸው ግን አላስከፋኝም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተሰሙኝ።

የሚርገበገበው መቼ መቼ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ቁልቁለቱን ነዳጅ ሳይሰጡ ሞተሩን አስተኝተው ሲወርዱ ይብሳል አሉ፤ ክላክስ ሲነፉ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ያን ጊዜ መብራቱን ትቼ ወደ ባትሪዎቹ ሄድኩ። ሁለት ናቸው። አንደኛው ውሃው ጎድሏል፣ አናቱ በአሲድ ረጥቦ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። ሁለተኛው ደረቅ ነው፤ በቴስተር ስለካው ቮልቱ ወርዷል። ከሁለቱ መሃል አንድ ቀጭን ሽቦ ተነስቶ ወደ ጋቢናው ይሄዳል።

ነገሩ እዚያ ነበር። የጭነት መኪና የሚሠራው በሃያ አራት ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ አሥራ ሁለት ባትሪዎች ተያይዘው ይሰጡታል። ገበያ ላይ የሚገኘው ዜኖን ግን ለትንንሽ መኪና የተሠራ ባለ አሥራ ሁለት ነበር። በእኛ አካባቢ የጭነት መኪና ቴፕ ሲገጠም አሥራ ሁለቱን ከአንደኛው ባትሪ ብቻ መውሰድ የተለመደ ነው። ቴፕ የሚጠጣው ትንሽ ስለሆነ አይታወቅበትም። ዜኖኑን የገጠመው ሰው በቴፕ የለመደውን በመብራት ደገመው። አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይራባል፤ ሌላው የእሱንም ድርሻ እየተጋተ ይፈላል። የተራበው ሲደክም መብራቱ ይጠፋል፣ ትንሽ ሲያገግም ይለኮሳል።

ይህን ሳስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁለት በሬ ጠምዶ አንዱን ብቻ ማብላት ነዋ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሰው ሳስረዳ የምጠቀመው የእሳቸውን አባባል ነው።

መፍትሔው ሃያ አራቱን ሙሉ ተቀብሎ ወደ አሥራ ሁለት የሚያወርድ ዕቃ ነበር። እንጅባራ አልተገኘም፤ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ እስኪላክ መጠበቅ ነበረብን። የደከመውን ባትሪም ለመተካት አስያዝን። እሳቸው መኪናውን ደጄ ላይ አቁመው ማታ ማታ እዚያው ከተማ ዘመድ ዘንድ እያደሩ፣ ቀን ቀን እኔ ዘንድ ይውሉ ጀመር።

ያን ጊዜ የነበረውን ዛሬም በደንብ አስታውሰዋለሁ። የቢራ ሳጥን ገልብጬ አስቀመጥኩላቸው፤ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ሳልነግራቸው እዚያው ይቀመጡበታል። ከጭነታቸው የተረፈ ድንች በምድጃዬ ቀቅለን በዳጣ እንበላለን። ልጣጩን ሲልጡ ሳይቆረጥ አንድ ወጥ አድርገው ነው፤ እኔም ሽቦ የምልጠው እንደዚያ ስለሆነ ደስ ይለኝ ነበር። ልጃቸው ስትደውል በአዊኛ ያወራሉ። ጥቂት ጥቂት እሰማለሁ፤ ስለ እኔ ሲያወሩ ግን ያስታውቃል፣ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። አንድ ቀን ስልኩን ከዘጉ በኋላ፣ «ይህ ልጅ ምን ይመስላል አለችኝ» አሉ።

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«አይናገርም፣ ግን ይሰማል አልኳት።»

ከዚያም ብዙ አላወራንም። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ እሠራለሁ፤ እሳቸው በሩን ይዘው ጉሙን ያያሉ። ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ ዝም ማለትና ባዶ ክፍል ውስጥ ዝም ማለት የተለያዩ እንደሆኑ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዕቃው ከአዲሱ ባትሪ ጋር መጣ። ለመግጠም የቸኮልኩ አይመስለኝም፤ ግን አላዘገየሁም። ለሁለቱ መብራቶች ለየብቻቸው ፊውዝ አደረግሁላቸው። መብራቱን የሚያበራው ሪሌ ኃይሉን በወፍራም ሽቦ በቀጥታ እንዲያገኝ አደረግሁ። በጋቢናው ብረት ላይ አስሬ የተማመንኩበትን ማሳ እስከ ታችኛው ብረት፣ እስከ ሻንሲው ድረስ አወረድኩት፤ ጋቢናው በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ሲንቀጠቀጥ ግንኙነቱን ያጓድላልና። መሃል ላይ የነበረችውን ቀጭን ሽቦ ነቅዬ አወጣኋት። ስጨርስ ቀኑ ወደ መምሸቱ ነበር፣ ካፊያም ጀምሯል።

በኖራው ግድግዳዬ ላይ መብራት የማስተካክልባቸው በከሰል የተሰመሩ ሁለት መስቀሎች አሉ። ሞተሩን አስነስቼ መብራቱን ለቀቅሁት። ሁለት ነጭ ክቦች መስቀሎቹ ላይ አረፉ። ክላክስ ነፋሁ። ፍሬቻ አበራሁ። ሞተሩን አስተኛሁት። የቴስተሩ ቁጥር አልተነቃነቀም፤ ብርሃኑም ግድግዳው ላይ እንደተሳለ ቆመ። ልቤ ሞላ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የተሻለው ያ ነበር።

እሳቸው ከጎኔ ቆመው ግድግዳውን ያያሉ። 

«ጎበዝ» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ጠርዙ ላይ ግን ትንሽ አለች።»

«ምን አለች፣ ጋሼ?»

«መርገብገቧ። ትንሽ። ጠርዙ ላይ።»

እንደገና ጎንበስ አልኩ። እያንዳንዱን ማያያዣ ጎተትኩ፣ በየቦታው ለካሁ። ምንም የለም። ቀና ብዬ አየሁት፤ ምንም የለም። ጎሚስታውን ጠራሁት። እጁን በሱሪው እየጠረገ መጥቶ ግድግዳውን አየ።

«ምን ሆናችሁ? እንደ ሐውልት ተገትሯል እኮ!» አለ። «ከእንግዲህ መንገዱ ላይ ማን ሊጠቅሰን ነው?» ብሎ ሳቀና ካፊያውን ሸሽቶ ተመለሰ።

ሞተሩን አጠፋሁ። ዝናቡ ስለበረታ ሁለታችንም ወደ ክፍሉ ገባን። ጠረጴዛዬ ላይ የተንጠለጠለችውን አምፖል አበራኋት። እሳቸው ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡና ወደ አምፖሏ ቀና አሉ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁት።

«ይኸውልህ!» አሉ። «ይህችም ትርገበገባለች! እኔ ደግሞ የመኪናዬ ብቻ መስሎኝ። የዚህ ከተማ መብራት መቼ ረግቶ ያውቃል!»

የከተማው መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። አምፖሏ የምትሠራው በባትሪ ነው።

 ምን ብዬ እንደምናገር እያሰብኩ ሳለ ዓይኔ ሳላዝዘው ከአምፖሏ ወደ ሽቦዋ ሄደ። እሳቸውም ዓይኔን ተከተሉ። ሽቦዋ ከጣሪያው በግድግዳው ላይ ትወርዳለች፤ ቀይና ጥቁሯን እኔው ነኝ በየስንዝሩ በሚስማር ያሰርኳት። ጠረጴዛው ሥር ደርሳ እግሬ አጠገብ ካለው የመኪና ባትሪ ላይ ታበቃለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ ባትሪ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚያበራ የሚነግራቸው አያስፈልጋቸውም። ባትሪውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አንተስ?» አሉ። «ይታይሃል?»

«አይታየኝም፣ ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይደበድባል። 

«እርግጠኛ ነኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና የመኪናውን ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከካቻቢቴዎቼ ጎን አስቀመጡት። ካቻቢቴዎቼን በቁመታቸው ነው የምደረድራቸው፤ ቁልፉንም አቃንተው ከእነሱ ጋር አስተካከሉት። ከዚያ ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ጣል አድርገው በዝናቡ ውስጥ በእግራቸው ሄዱ። ላድርስዎ አልኩ። «መንገዱን አውቀዋለሁ» አሉኝ።

በማግስቱ እሳቸው ደውለውለት ከጫግኒ የልጃቸው ባል በሚኒባስ መጣ። መንዳት ያውቃል፤ ዝም የሚል፣ ሰው የሚያከብር ጎልማሳ ነው። እሳቸው ዜኖኑን ንቀልልኝና የድሮዎቹን አምፖሎች መልሳቸው አሉኝ። ለምን አላልኩም፤ የደከመው አምፖሉ እንዳልነበረ ሁለታችንም አውቀን ነበር። ቢጫዎቹ ግድግዳዬ ላይ ሲበሩ የልጃቸው ባል፣ «ይህ ምን ጎደለው? በደንብ ያሳያል እኮ» አለ። 

ሊሄዱ ሲሉ እሳቸው እንደ ልማዳቸው መኪናውን ዞረው በሾፌሩ በር በኩል ቆሙ፤ እጃቸው መክፈቻው ላይ አርፏል። የልጃቸው ባል መሬት መሬቱን ያያል። ከዚያ እጃቸውን አነሱና በመኪናው አፍንጫ በኩል ዞረው በረዳቱ በር ወጡ። ጎሚስታው እንኳ ያን ቀን ምንም አልቀለደም። ድንች ጭነው ወደ ጉሙ ወረዱ።

ባሕር ዳር ለዓይን ሕክምና እንደወሰዷቸውና ቀጠሮ እንደሰጧቸው ከልጃቸው ባል ሰማሁ። እሱ በየጊዜው በደጄ ያልፋል፤ ግን አይቆምም፤ የሚበላሽበት ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ብቻ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አውጥቶ፣ «አባባ እዚህ ስትደርስ አንዴ ቦግ አድርግለት ይሉኛል፣ አንዳንዴም አብረውኝ አሉ» አለኝና ሄደ።

ያን ዜኖን ለማንም አልሸጥኩትም። ጠረጴዛዬ ላይ አስሬው ሌሎች ዕቃዎችን የምፈትሽበት ሆነ። ሳጥኑም እንደተገለበጠ በሩ አጠገብ ቀረ፤ ሰው ሲመጣ እኔው እቀመጥበትና ወንበሬን ለእንግዳው እሰጣለሁ።

ምሽት ላይ ሁለት ቢጫ መብራቶች፣ እኩል ከፍታ፣ እኩል ድምቀት፣ ምንም ሳይናጉ ከቁልቁለቱ ይወጣሉ። ደጄ ሲደርሱ አንዴ ቦግ ይላሉ። እኔም የጠረጴዛዬን አምፖል አንዴ አጥፍቼ አበራለሁ። ሾፌሩ ያየው እንደሆነ አላውቅም። እሳቸው በረዳቱ መቀመጫ ላይ ካሉ ደግሞ ሰላምታዬን ከሌላው ጊዜ የሚለዩበት መንገድ የላቸውም፤ ለእሳቸው ያቺ አምፖል ሁልጊዜም ትርገበገባለች። ቢሆንም አጥፍቼ አበራታለሁ። ከዚያ መኪናው ያልፍና የኋላ ቀይ መብራቶቹ ወደ ከተማው ገብተው እስኪሰወሩ በሩን ይዤ እቆማለሁ።